ካርቶኑ ላይ «1.6 ጊጋ» ስላለ ስዊቹ ጊጋቢት አይደለም

ለካሜራና ለአይፒ ስልክ (በኔትወርክ ኬብል ለሚሠራ ስልክ) ስዊች፣ ማለትም መሣሪያዎችን በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን፣ የምትገዙ ተጠንቀቁ። ሻጩ «1.6 ጊጋ» የሚለውን ጽሁፍ እያሳየ «ጊጋቢት ነው» ካላችሁ ሂሳቡን እዚያው ሥሩት። 8 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) በሰከንድ በ100 ሜጋቢት፣ መላክና መቀበል ስላለ በ2 ተባዝቶ 1,600 ሜጋቢት ይመጣል። የሁሉም ፖርት ድምር ነው። ሁሉም ፖርቱ ጊጋቢት የሆነ ባለ 8 ስዊች 16 ጊጋ ይላል። 5.6 የሚለው ደግሞ 8 ፖርቱ 100፣ ሁለቱ አፕሊንክ (ወደ ዋናው መሣሪያ የሚሄዱት ተጨማሪ ፖርቶች) ብቻ ጊጋ የሆነ ነው። እሱስ ኤንቪአሩ (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው መሣሪያ) ራሱ ጊጋቢት ከሆነና አፕሊንኩ ላይ ከተሰካ ለካሜራ ያገለግላል።

«8 ካሜራ በ4 ሜጋቢት 32 ነው፣ 100 ይበቃል» የሚለው ክርክር በአማካይ ያስኬዳል። ካሜራ ግን እኩል እያንጠባጠበ አይልክም፤ ሙሉ ምስሉን (አይ ፍሬም) በአንዴ ነው የሚለቀው። አራት ካሜራ እኩል 100 ኪሎባይት ቢለቁ፣ ወደ ኤንቪአሩ ፖርት የሚያልፈው የአንዱ ያህል ብቻ ነው፤ 300ው በፈር (የስዊቹ ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ መጠበቅ አለበት። «በፈር 1 ሜጋ» የሚለው ደግሞ ቢት ነው፤ ወደ ባይት ሲቀየር 125 ኪሎባይት። ያልገባው ይጣላል፣ ምስሉም ይበጣጠሳል።

ስልኩ በዚያው መስመር ካለፈ ድምፁ ይቆራረጣል። ጥፋቱ የመዘግየት አይደለም፤ ሙሉ በፈር በ100 ሜጋቢት በ10 ሚሊሰከንድ ይራገፋል፣ ያን ጆሮ አያውቀውም። የሚሰማው የተጣለው ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) ነው፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ንግግር ይዟል። ስለዚህ 802.1ፒ የሚባለውን የቅድሚያ ወረፋ የሚያውቅ ስዊች ጠይቁ። «ፍሎው ኮንትሮል አለው» የሚለው መልስ አይሆንም፤ እሱ ሲሠራ ካሜራውንም ስልኩንም አብሮ ነው የሚያስቆመው።

ኬብሉ «250 ሜትር ይደርሳል» የሚባልለት ማብሪያ ሲበራ ፍጥነቱ ወደ 10 ሜጋቢት ይወርዳል፤ አንዳንዱ ላይ ሁሉንም ፖርት ነው የሚያወርደው። በ100 ሜጋቢት 0.12 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ትልቅ ፓኬት እዚያ 1.2 ይፈጃል።

ከመክፈላችሁ በፊት ጊጋቢት ካርድ ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ይዛችሁ እያንዳንዱን ፖርት ሞክሩ፤ የኔትወርኩ ስታተስ ላይ 1.0 ጊጋ ካላለ ፖርቱ 100 ነው። ኬብሉን ግን የራሳችሁን፣ የተፈተነ ያዙ፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ አንዱ ከተቆረጠ ደህናው ስዊችም 100 ሊያሳይ ይችላል። ደረሰኙ ላይም «ሁሉም ፖርት 10/100/1000» ብሎ ይጻፍላችሁ።