ኢንዛይም ያለው የዱቄት ሳሙና በደብረ ብርሃን ብርድ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አዲሱን ኢንዛይም ያለበትን የዱቄት ሳሙና የፈተንሁት ለብ ባለ ውኃ፣ ቅቤ በነካው ነጠላና በአሮጌ ጋቢ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከተዘፈዘፈ በኋላ የነጠላው ወዝ ያለ ብዙ ፍትጊያ ለቀቀ፤ የጋቢው ፊትም ከአራት እጥበት በኋላ ለስልሷል። ስብን የሚሰባብረው ላይፔዝና የጥጥን ብናኝ የሚቆርጠው ሴሉሌዝ የተባሉት ኢንዛይሞች በሻጋታዎች የሚመረቱ ሲሆኑ፣ ፋብሪካዎች እንደ ትራይኮደርማ ያለውን የአፈር ሻጋታ በትልልቅ በርሜሎች አራብተው የሚያመነጨውን ፈሳሽ ያጣራሉ። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ በአብዛኛው ከባክቴሪያ የሚገኘውና በሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ፕሮቲንን የሚሰባብረው ኢንዛይም ፕሮቲዬዝ ሱፍን ስለሚበላ፣ ይህን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ መኖር ነበረበት። ከሱፍ የተሠሩ የመንዝ ባና እና በርኖስ ያላችሁ በዚህ ሳሙና አትጠቧቸው።