ሰልባጅ ቡትስ ወይስ አዲስ ስኒከር? በሶ ወይስ ኢንዶሚ? ለአዲስ አበባ ዙሪያ የእግር ጉዞ ምን ይገዛ

መስቀል ሲያልፍ የከተማውን ሰው ተራራ ተራራ ይለዋል። እንጦጦ ላይ ግማሽ ቀን ተንሸራሽሮ ቡና ጠጥቶ መመለስ ብዙ ዝግጅት አይፈልግም። ከመናገሻ ሱባ ጫካ ተነስቶ ወጨጫን መውጣትና እዚያው ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ንጽጽር አንድ ሌሊት ለሚያድርና ኪሱ ልክ ላለው ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ብሩ ለጫማና ለዝናብ ልብስ ይውጣ። ምግቡን ባልትና ቤት ይችለዋል።

ጫማ

አዲስ ቡትስ፣ ሰልባጅ ቡትስ፣ ስኒከር። ዋናው ክርክር በእነዚህ ሦስቱ መካከል ነው።

ገበያ ላይ «ሃይኪንግ» ተብለው ከሚሸጡት አዳዲስ ቡትሶች ብዙዎቹ መልካቸው ብቻ ነው ቡትስ። ሶላቸው ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ሶሉን በጥፍር ጫን በሉት። ትንሽ ገባ ካለ ጎማ ነው። እንደ ባልዲ ከደረቀ ተዉት።

ለተመሳሳይ ብር መርካቶ ሰልባጅ ተራ ብትሄዱ የተሻለ ጫማ ታገኛላችሁ። ግን አንድ ወጥመድ አለው። በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ጫማው ባይደረግም እንኳ ዕድሜና የአየር እርጥበት ይፈረካክሱታል። ላዩ አዲስ የሚመስል ቡትስ ተራራው ወገብ ላይ አፉን የሚከፍተው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጫማውን በደንብ እጠፉት፤ ጎኑን በአውራ ጣት ጫኑት። ስንጥቅ ካሳየ ወይም ዱቄት ካራገፈ በነፃም አትውሰዱት። ሻጩ «ይሰፋል» ይላችኋል። እውነት ነው፣ ጫማ ሰፊ ዙሪያውን ይሰፋዋል። የተፈረካከሰ ስፖንጅ ግን ክር አይዝም፤ በመርፌው ቀዳዳም ውሃ ይገባል።

ስኒከርን አትናቁ። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ የሚለማመዱት ሯጮቻችን ጫካውን የሚያቋርጡት በሩጫ ጫማ ነው። ጊዜው በጋ ከሆነና ሸክማችሁ ከቀለለ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ ከከባድ ቡትስ ይሻላል። ሲረጥብም ቶሎ ይደርቃል። ቡትስ የሚያሸንፈው ሸክም ሲከብድ፣ መንገዱ ድንጋያማ ሲሆንና ቁርጭምጭሚታችሁ ደካማ ከሆነ ነው።

የምትሄዱበት አቅጣጫም ይወስናል። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ በደረቁም ያንሸራትታል፤ እዚያ ጥልቅ ጥርስ ያለው ሶል ጥሩ ነው። በየረር በኩል ያለው ሜዳ ግን ዋልካ ነው። ዝናብ ከነካው ጥልቁ ጥርስ ጭቃ ይሞላና እያንዳንዱ እግር ኪሎ ይጨምራል። ለዚያ በኩል ጥርሱ የተራራቀ ሶል ምረጡ።

ጫማ የሚለካው ወደ ማታ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በወፍራም ካልሲ ነው።

ዝናብ

ጃንጥላ ከተራራ ነፋስ ጋር አይሆንም። የሚቀረው ፖንቾ (ከላይ የሚጠለቅ ሰፊ የዝናብ ልብስ) ወይም ጃኬት ነው። ፖንቾ ርካሽ ነው፤ ሻንጣችሁንም ይሸፍናል፤ ነገር ግን ነፋስ ያውለበልበዋል፣ እሾህም ይቀደዋል። ጃኬት ለነፋስም ይሆናል። ሰልባጅ ጃኬት ከሆነ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩት። ሽፋኑ እየተላላጠ ከሆነ ውሃ መከላከሉ አብቅቷል። ለእኔ ከኅዳር እስከ ጥር ፖንቾ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ላለው የበልግ ዝናብ ግን ጃኬት።

ሌሊት

ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሊኖር ይችላል። ጋቢ ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ግን ጥጥ ጤዛ ይጠጣና ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ያስፈልጋል። ስትገዙ መለያው ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ታያላችሁ። ማመን ያለባችሁ «ኮምፈርት» የሚለውን ነው። ሌላኛው እየተንቀጠቀጡ ለማደር ነው።

ብሩ ለውድ ስሊፒንግ ባግና ለምንጣፍ ካልበቃ ግን መካከለኛውን ባግ ከስፖንጅ ምንጣፍ ጋር ግዙ። የምትተኙበት የታችኛው ጎኑ ጠፍጠፍ ስለሚል ባጉ የመሬቱን ቅዝቃዜ አይከላከልም። ብርዱ የሚመጣው ደግሞ ከመሬት ነው።

ውሃ

ኮዳ መግዛት ግድ አይደለም። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀላልና ጠንካራ ነው። የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ያዙ፤ ግን የሚገድለው ጀርም ነው እንጂ የፋብሪካ ኬሚካል አያጠፋም። ስለዚህ በአቃቂ ወንዝ አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ ውሃችሁን ከቤት ተሸከሙ።

ስንቅ

ሱፐርማርኬት ያለውን የውጭ «ኢነርጂ ባር» ረሱት። ዋጋው አይገባኝም።

በሶ 100 ግራሙ 350 ካሎሪ ገደማ አለው። የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ በውሃና በስኳር በጥብጦ መጠጣት ነው። የድሮ ዘማችና ነጋዴ የተሸከመው በከንቱ አይደለም። ጭኮ ይበልጠዋል። ለ4 እጅ በሶ 1 እጅ ንጥር ቅቤ ከገባበት 100 ግራሙ ወደ 450 ካሎሪ ይጠጋል። በደጋው ብርድም አይቀልጥም። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ጾም ላይ አይሆንም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከወጣችሁ በሶና ኦቾሎኒ ያዙ። ኦቾሎኒ በካሎሪ ሁሉንም ይበልጣል፤ 100 ግራሙ ከ550 በላይ ነው።

ቆሎ እየሄዱ ለመቆርጠም ነው። ዳቦ ቆሎ ይጣፍጣል፣ ግን አፍ ያደርቃል። ቋንጣም ጨው ስላለው ውሃችሁን ይጨርሳል። ድርቆሽ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሻንጣውን ይሞላል፣ ለመፈርፈርም እሳትና ውሃ ይፈልጋል።

ኢንዶሚስ? ትኩስ ነገር ለሊት ደስ ይላል፣ አልክድም። ነገር ግን ምድጃ፣ ጋዝ፣ ድስትና ተጨማሪ ውሃ አብሮ ያሸክማል። ከ3,000 ሜትር በላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ መብሰሉም ይዘገያል። እንጨት ለቅሞ እሳት ማንደድን አታስቡት፤ ጫካው በበጋ ደረቅ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ምድጃ ከተጋራችሁ ኢንዶሚ ያዋጣል። ብቻችሁን ወይም ሁለት ከሆናችሁ ሻይ በፔርሙዝ ይዛችሁ በጭኮ እደሩ። ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም ደረቅ ስንቅ አስቡ፤ ከዚያ ላይ ለመጠባበቂያ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ጨምሩ።