ማስጠንቀቂያ፦ «ሞቷል» የተባልኩት ዲስኬ በማግስቱ ሲሸጥ አገኘሁት

ባለቤቴ «ዛሬ እደርና ነገ ትጽፈዋለህ» ብላኛለች። አላድርም። ነገ ቁጣዬ በርዶ «ይቅር፣ የሰው እንጀራ ነው» ማለት እንደምጀምር ራሴን አውቀዋለሁ።

ስሙን ባልጠራም ሱቁን ታውቁታላችሁ። ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊት ቻርጀር፣ ማውዝና የስልክ መሸፈኛ የተደረደረበት የመስታወት ሣጥን አለ፤ ከጀርባው ሆዳቸው የተከፈተ ላፕቶፖች የተኙበት ጠረጴዛ። ግድግዳው ላይ «ዊንዶውስ እንጭናለን፣ የጠፋ ፋይል እንመልሳለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጠጋኙ ወጣት ዕቃውን ከእጃችሁ ሲቀበል ፊታችሁን አያይም። ዋጋ ስትጠይቁት «መጀመሪያ እንየው» ይላል፤ ካየው በኋላ ደግሞ ዋጋው የሚቆረጠው በፊታችሁ ድንጋጤ ልክ ነው።

ድሮ እንዲህ ያለ ቦታ አልገባም ነበር። ኮምፒውተሬን ለዓመታት ያየልኝ ሰው ሱቁ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ፈረሰ፤ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፣ ስልኩም አይሠራም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብህ እባክህ ደውልልኝ።

የችግሩ መነሻ እንኳን ተራ ነገር ነው። ላፕቶፔ ላይ የነበረው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ «ወደ 11 ተሻገር» የሚል ማሳሰቢያ ሲጎተጉተኝ ከረመ፤ እሑድ ማታ እሺ አልኩት። ማሻሻያው ከግማሽ እንዳለፈ መብራት ሄደ። ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ ሩብ ሰዓት እንኳን አልታገሠኝም። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ ራሱን እየጠገነ መሆኑን ይነግረኛል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ራሱን ይጠግናል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ እንዲሁ ስንተያይ አመሸን።

ሰኞ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ልጁ ፍላሽ ሰክቶ አስነሣው። መጀመሪያ የወጣው ገጽ ላይ የማሽኑ ዕቃዎች ተዘርዝረው ነበር፤ ከዝርዝሩ መካከል የዲስኩን ስምና 512 የሚል ቁጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ የዊንዶውስ መጫኛው መጣ። ዲስክ ምረጡ በሚለው ቦታ ላይ ግን ባዶ ሆነ፤ ምንም ድራይቭ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ። ከሥሩ ደግሞ የዲስክ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያውቅበት ትንሽ ፕሮግራም) ለማምጣት «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጫኑ ይላል። ሥራዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሰነድ መተርጎም ነው። እንጀራዬ ነው! አነበብኩት። አነበብኩና ምን እንደሚል ለመረዳት የልጁን ፊት አየሁ።

«ዲስኩ ሞቷል ጋሼ» አለኝ። መርዶ ነጋሪ እንኳን ቁጭ በል ይላል።

«እዚያኛው ገጽ ላይ 512 ሲል አይቼው ነበር እኮ።»

«እሱ መታወቂያው ነው። ሰው ሲሞትስ መታወቂያው ይቀር የለ?»

ሳቅሁ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር እዚያው ቆሜ ሳቅሁ።

ቀጠለና ኤስኤስዲ፣ ማለትም የእኔ ዓይነቱ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ፣ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ሳይንቋቋ፣ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ሊሞት እንደሚችል አስረዳኝ። ይህ እውነት ነው፤ ውሸቱን ያስዋጠኝም ይህቺው እውነት ናት። ባለ 512 ጊጋባይቱ ሱቁ ውስጥ ተሸጦ አልቋል ተብዬ «አዲስ» 256 ጊጋባይት በ5,800 ብር፣ መጫኛ 600፣ «አክቲቬት ማድረጊያ» 300። በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል «ከፈለጉ 15 በመቶ ይጨመርበታል» አለችኝ፤ ተውኩት። አሮጌውን ዲስክ ልውሰደው ስል ልጁ «ምን ያደርግልዎታል? ለተለማማጆች መማሪያ ይሆናል» አለ። እኔም «ተማሩበት፣ ይቅናችሁ» ብዬ መርቄ ወጣሁ። መርቄ!

የፋይሎችህ ግልባጭ ሌላ ቦታ አልነበረህም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልነበረኝም። በዚህ ላይ ባለቤቴ የምትለውን ብላ ጨርሳለች።

ቤት ስደርስ ዋይፋዩ አይሠራም። ስለዚህ ዛሬ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ቀኑን ሙሉ በጭንቅላቴ ሲዞር የዋለው ነው፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዲሉ።

ስገባ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከጎኑ ቦርሳ ያዘለ፣ ተማሪ የሚመስል ወጣት ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ በትንሽ ጥቁር ኬዝ ውስጥ የገባ ዲስክ በዩኤስቢ ገመድ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ልጁ «ያገለገለ ነው እንጂ ምንም አልሆነም፤ ጤንነቱን ራስህ እየው» ይላል። የዲስክ ጤና የሚያሳየው ፕሮግራም 94 በመቶ ይላል፣ አረንጓዴ ሆኖ። ከዚያ ውስጡን ከፈተው።

«ውክልና 2017»። «ልደትና ጋብቻ»። «የትምህርት ማስረጃ ያልተከፈለባቸው»። «የእማዬ ተዝካር»።

ፎልደሮቼ ናቸው። ያልተከፈለባቸው እያለ ፎልደር የሚሰይም ሌላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ባልነግረው ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲደክም አድሮ ፋይሌን ያዳነልኝ መሰለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥህ! ተነሣልህ እንዴ?» አልኩት፣ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ።

ዞር ብሎ አየኝ። አልደነገጠም። ቢደነግጥ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር መሰለኝ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ፣ ማውዙን በቀኝ ተጫነ፣ ፎርማት የሚለውን መረጠ፣ ሁሉን ታጠፋለህ ወይ ሲባል እሺ አለ። አፌን ከፍቼ ሳልዘጋ አለቀ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

«ምን አደረግህ?»

«ምኑን?»

«የእኔ ዲስክ ነው!»

«በምን ያውቃሉ?»

«ስሜ አለበት፣ ፋይሌ አለበት፣ አሁን አየሁት!»

ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ አዞረው። ባዶ፣ ነጭ። «እስቲ ያሳዩኝ፤ የት ጋ ነው ስምዎ?»

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም፤ ከደረጃው ሥር ድረስ ተሰምቷል አሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ አሁንም ከስልኳ ቀና ሳትል «አባባ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ደንበኛ አለ» አለችኝ። ሰኞ 6,700 ብር ስከፍል ጋሼ ነበርኩ፤ ማክሰኞ አባባ ሆንኩ። ልጁ ደግሞ ለተማሪው «ሰውዬው ተሳስቶ ነው» እያለ ያብራራል። አባባም ቀርቶ ሰውዬው።

ተማሪውስ ምን ያለ ይመስላችኋል? ይራራልኛል ብዬ ዓይኑን አየሁት። «እንግዲህ ጭቅጭቅ ካለበት ዋጋ ትቀንሱልኛላችሁ?» አለ። አራት ሺህ ብር ጠራ።

በዚያች ቅጽበት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዲስኩ ከዚህ ሱቅ በሌላ ሰው ቦርሳ ከወጣ የእናቴን ፎቶ ዳግመኛ አላየውም። የደንበኞቼ የፓስፖርትና የልደት ወረቀት ቅጂ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አምነው የሰጡኝ ሰዎች። «እኔ እገዛዋለሁ» አልኩ። ልጁ ምንም ሳያፍር «6,500» አለኝ። የገዛ ዲስኬን ከተማሪ ጋር ተጫርቼ ገዛሁ። ደረሰኝ ጠየቅኩ፤ አሁንም 15 በመቶ።

ፖሊስ ጋ እሄድ ነበር። ግን ምን ብዬ? የራሴን ዕቃ በፈቃዴ ገዛሁ ብዬ? የክፍያ መልእክቱ ላይ ያለው የአንድ ግለሰብ ስም ነው፤ የሱቁ እንኳን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ አምስት ኪሎ ምሕንድስና የሚማረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አየው። ገና ስጀምርለት ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ዋጠ። 11ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚሉት የዲስክ መቆጣጠሪያ አለ። ዲስኩ ከእሱ ጀርባ ይቀመጣል፤ ፍላሹ ላይ ያለው መጫኛ የኢንቴልን ድራይቨር ካልያዘ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይታየውም። ስክሪኑ «ሎድ ድራይቨር» ያለኝ ለዚህ ነበር። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በነፃ አውርዶ፣ ከታሸገበት ፈትቶ ፍላሹ ላይ መገልበጥና ማሳየት ብቻ ነው። ወይም ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ቪኤምዲውን ማጥፋት፤ ይህኛው ግን ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ እንዳይነሣ ሊያደርግ ስለሚችል እንደገና ለሚጭን ሰው ነው የሚሆነው።

ታዲያ «አዲሱ» ዲስክስ እንዴት ታየው? የእህቴ ልጅ ባዮሱን ከፍቶ አሳየኝ፤ ቪኤምዲው ጠፍቷል። እኔ ሻይ እስክጠጣ ድረስ የሱቁ ልጅ ገብቶ አጥፍቶታል። ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል ማለት ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ያላዋቂ ቢሆን ኖሮ ይቅር ብዬው ተኝቼ ነበር።

የአክቲቬቱ 300 ብርም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖለት የወጣ ላፕቶፕ የፈቃድ ቁልፉ እናት ሰሌዳው ላይ ተቀርጾ ይመጣል፤ ያው ዓይነት እትም ሲጫንበትና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያጸድቃል። እነሱ ሌላ እትም ጭነው፣ በተሰረቀ ፕሮግራም ከፍተው፣ ለዚያ ሲሉ የቫይረስ መከላከያውን አጥፍተውልኛል። ለዚህ ነው የከፈልኩት።

ደግሞ «አዲሱ» ዲስክ 11,000 ሰዓት ሠርቷል። ቆጣሪው ላይ አለ።

ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ ምክር ሰጪ መሆኔ ቢያስቅም፦ ዲስክ ሞቷል ሲሏችሁ በኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ያሳዩአችሁ። ከላፕቶፑ የወጣ ነገር ሁሉ፣ ብሎን እንኳን ቢሆን፣ በእጃችሁ ይመለስ። ደረሰኝ ልመና አይደለም፤ ነጋዴ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተጽፏል። ግልባጭም ያዙ፤ ይህን ባለቤቴ ናት ጻፍ ያለችኝ።

አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ የፋይል ማዳኛ ፕሮግራም ከፍቶልኝ ሄዷል። እንደነገረኝ ከሆነ በድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነበር፤ ኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልክና ዲስኩ ራሱ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። በዩኤስቢ ኬዝ በኩል ግን ትእዛዙ ሁልጊዜ አያልፍም። ስለዚህ ተስፋዬ ሁሉ የተንጠለጠለው በሱቁ ኬዝ ርካሽነት ላይ ነው። ፕሮግራሙ 41 በመቶ ደርሷል። እስካሁን ያገኘው ስማቸው ወደ ቁጥር የተለወጠ 38 ሥዕሎችን ነው፤ ሁሉም ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚመጡ የተራራና የባሕር ዳርቻ ሥዕሎች ናቸው። አዲስ ሥዕል ብቅ ባለ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚያ መንገድ ካሉት ሱቆች በአንዱ ላፕቶፑን ያሠራና «256ቱ ሞቷል» ተብሎ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። 11,000 ሰዓት የሠራው ዲስክ እኔ ጋ ነው። ዊንዶውስ ተጭኖበታል እንጂ ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም፤ የመለያ ቁጥሩን ነግሮኝ ከተገጣጠመ ያለ ምንም ክፍያ እሰጠዋለሁ።