ስምንት ቅዳሜ ከካሜራ ጀርባ፦ የስፖርት ቀጥታ ስርጭት ሥልጠናው እንዴት ነበር?

የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ስፖርት የሚወድ ሁሉ ኮሜንታተር መሆን ነው የሚፈልገው። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሱፐርስፖርት ፕሪሚየር ሊጋችንን በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ገና ሃይስኩል ነበርኩ። ውድድሩ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ይካሄድ ነበር። የኛዎቹ ክለቦች ጎል በዝግታ ተደግሞ ሲታይ ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ይሄን የሚሠራው ማነው? የት ነው የተቀመጠው?

ስለዚህ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ማዕከል የስምንት ቅዳሜ ሥልጠና ሲያስተዋውቅ 9,500 ብር ከፍዬ ገባሁ። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "በቴሌቪዥን ትታያለሽ?" ብላ ነው። "አልታይም እማ፣ የማሳየው እኔ ነኝ" አልኳት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ገመድ ብቻ ናቸው። በክርን ላይ መጠቅለል ክልክል ነው፤ ውስጡ ይሰበራል። አንዱን ዙር እንደተለመደው ትጠቀልላለህ፣ ቀጣዩን ገልብጠህ ወደ ውስጥ ታስገባለህ። በትክክል ከተጠቀለለ፣ ጫፉን ይዘህ ስትወረውረው ሳይቋጠር ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ሁለት ልጆች "ለዚህ ነው እንዴ የከፈልነው?" ብለው አቋረጡ። እኔ ግን ከሥልጠናው ምርጡ ክፍል ይሄ ነው እላለሁ። ስርጭት ላይ ገመድ ከተቋጠረ ካሜራው እንዳለ የለም።

ሦስተኛው ቅዳሜ የካሜራ ቦታ ተማርን። ካሜራ አንድ የመሐል ሜዳው መስመር ላይ፣ ከፍ ብሎ ሰፊውን ሜዳ ይይዛል። ካሜራ ሁለት አጠገቡ ሆኖ ተጫዋቹን አቅርቦ ያሳያል። ዳይሬክተሩ በጆሮ ማዳመጫ "ሁለት ተዘጋጅ… ሁለት!" ሲል ካሜራው ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያኔ መንቀጥቀጥ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ ካሜራ ሲቀያየር መቁጠር ጀመርኩ። ወንድሜ "ኳሱን እዪ እንጂ!" እያለ ይቆጣኛል።

ቅሬታዬ ሪፕሌይ ላይ ነው፤ ያ ጎሉን በዝግታ ደግሞ የማሳየት ሥራ ማለቴ ነው። ማስታወቂያው "የሪፕሌይ ማሽን" ይላል። ትልልቅ ጨዋታዎች ላይ የሚሠራበት ኢቪኤስ የሚባለው የቤልጂየሞች ማሽን ነው። እኛ ያገኘነው ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ቪሚክስ የሚባል የስርጭት ሶፍትዌር ነው። ቪሚክስ መጥፎ አይደለም፣ ሐሳቡን በደንብ ያስተምራል። ግን አንድ ላፕቶፕ ለ12 ሰው! ለእያንዳንዳችን አሥር ደቂቃ ደረሰን። አንድ ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር የለም፣ ማካካሻም አልተሰጠንም።

ሰባተኛው ቅዳሜ ግን ገንዘቤን ክሶኛል። የአንድ ሰፈር ጤና ቡድን ጨዋታ በሦስት ካሜራ ሠራን። ሪፕሌይ ላይ እኔ ተመደብኩ። አንድ ጋሼ ከሳጥን ውጪ መቱ፣ ኳሷ ቋሚውን ነክታ ገባች። ሁሉም ጮኸ። እኔም ኳሷን እያየሁ እጄ ደርቆ ቀረ። ጎሉ የገባበትን ቅጽበት ላፕቶፑ ላይ ምልክት አላደረግኩም። ቀረጻው አይጠፋም፣ ወደ ኋላ መልሼ ፈለግኩት፤ ሳገኘው ግን ጨዋታው ቀጥሏል። አሰልጣኛችን ከኋላዬ ዝቅ ብለው "የኔ ልጅ፣ ጎል ሲገባ ሜዳው ሁሉ ይጩህ። ያንቺ ጣት ይሥራ" አሉኝ። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ጣቴ ቀደመ። ከጎል ጀርባ ካለው ካሜራ አወጣሁት፣ ዳይሬክተሩ ወዲያው ወሰደው። ያቺን ቅጽበት እስካሁን አልረሳኋትም።

ምስሉ ግን ይቆራረጥ ነበር። ምክንያቱን አሰልጣኙ አስረዱን። የኛ ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብቻ ነው የሚቀርጸው፤ ስናዘገየው መሐል ላይ የሚሞላው ምስል የለም። ለዝግታ የተሠሩት ካሜራዎች በሰከንድ 75፣ 150ና ከዚያም በላይ ይቀርጻሉ። እሳቸው እንዲህ ጥያቄን ሳይሰለቹ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ማዕከሉ ያለው ትልቁ ሀብት እሳቸው ናቸው።

ድምፅ በግማሽ ቀን ነው ያለፈው፤ ያንሳል።

ስለዚህ መግባት ያለበት ማነው? ሥራ ፍለጋ ከሆነ ይሄ ሰርተፍኬት ብቻውን የትም አያደርስም። እንደኔ "ይሄን ሙያ እችለዋለሁ ወይ?" ብሎ ለሚያስብ ተማሪ ግን ግቡ እላለሁ። ሴቶች በተለይ ኑ፤ ከ12ቱ ሁለት ብቻ ነበርን። የምትጫሙት ጫማ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ክረምት ላይ ከሆነ የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ሪፕሌይ ላይ መቀመጫ ሲጠየቅ ቀድማችሁ እጅ አውጡ።

የኦቢ ቫን፣ ማለትም ስርጭቱ ከውስጡ የሚመራበት መኪና፣ ጉብኝት በማስታወቂያው ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በዚያው ቀረ። መኪናው ውስጥ ገብቼ እነዚያን ሁሉ ስክሪኖች አንድ ሰዓት ባይ፣ ለኔ ከሁለት ቅዳሜ ትምህርት ይበልጥብኝ ነበር። ለሁለተኛው ዙር ተመዝግቤያለሁ፣ ክፍያውን ግን አልፈጸምኩም። የጉብኝቱን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።