ጣሪያችን ላይ የተሠራውን ያስመረመርንበት መሐንዲስ

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ነው፤ የጂ ፕላስ 8 አፓርታማ የመጨረሻው ፎቅ ላይ። ቤቱን ሕንፃውን ገንብቶ ከሸጠልን አልሚ በተረከብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ 2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከራሴ በላይ መዶሻ መመታት ጀመረ። ወጥቼ ሳይ ጣሪያው ላይ ብሎኬት ተከምሯል፣ ሲሚንቶና አሸዋ ይቦካል። የጥበቃው ልጅ «እትዬ፣ ጂም ሊከፍቱ ነው አሉ» አለኝ። ልብስ የምናሰጣበት፣ ሮቶዎቻችን የተቀመጡበት ጣሪያ ነው፤ ከ28 አባወራ አንዱን እንኳ የጠየቀ የለም።

አልሚው ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ «ፈቃድ አለን» አሉን። አሳዩን ስንል ያወጡት ወረቀት ሕንፃው ሲጀመር የተሰጠው ነው። በዚያው ሳምንት የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጥግ ላይ ስንጥቅ አየሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ልጆቼን ሳሎን አስተኛኋቸው።

ኮሚቴያችን በግሉ የሚሠራ አማካሪ መሐንዲስ ቀጠረ። ክፍያው 42,000 ብር ነበር፣ ለየቤቱ 1,500 ብር ደረሰን። የከፈልኩትን ብር በሙሉ የሚገባው ሥራ ነው የሠራልን።

መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ስንጥቁ አልነበረም፤ «የጸደቀው ፕላን ኮፒ አላችሁ?» አለን። ማናችንም ጋ አልነበረም። ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ ጽፈን ማህተም ያረፈበት ኮፒ እስክናገኝ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ፕላኑ ሲዘረጋ ጣሪያው ላይ ያለው የደረጃ ቤትና የሮቶ መቀመጫ ብቻ ነው። ወደ ቤዝመንቱ ወረድን፤ በፕላኑ የ24 መኪና ማቆሚያ አለ፣ እኛ ስንቆጥር 17 ሆነ። ሰባቱ በብሎኬት ታጥረው መጋዘን ሆነው ኖሯል። ከገባንበት ቀን ጀምሮ በአጠገቡ እናልፋለን፣ ያስተዋለው ግን አልነበረም።

ምርመራው ላይ የሚያደርገውን ሁሉ እያስረዳ ነው የሚሠራው። ኮለኖቹን (የሕንፃውን ምሰሶዎች) የኮንክሪቱን ጥንካሬ በሚያሳይ መዶሻ መሰል መሣሪያ እየነካ ቁጥር ይመዘግባል። ለጂሙ ቦታ ለማስለቀቅ ሁለቱን ባለ 5,000 ሊትር ሮቶዎች ከመቀመጫቸው አንስተው ሶሌታው (የጣሪያው ጠፍጣፋ ኮንክሪት) መሃል አስቀምጠዋቸው ነበር፤ «ውሃው ብቻ 10 ቶን ነው፣ እትዬ፣ መቀመጫው ቢም ላይ፣ ክብደት በሚሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት ላይ፣ የተሠራው ለዚህ ነው» ብሎ አሳየኝ። ስንጥቄ ላይ ጄሶ ለጥፎ ቀን ጻፈበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰበራል፣ ካልተንቀሳቀሰ ይቆያል። እኔ ቀለል ያለኝ ያን ቀን ነው፤ ፍርሃቴን የምለካበት ነገር አገኘሁ።

ሪፖርቱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ን ጠቅሶ ከጸደቀው ፕላን ውጭ የተሠራውን በሜትር ዘርዝሯል። ጠበቃችን ደግሞ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ይዞ፣ ጣሪያው የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ መጠቀሚያ ነው ብሎ ፍርድ ቤት እግድ ጠየቀ። ሦስት ወር ስንጮህ ያልቆመው ሥራ በእግዱ ቆመ። ለጂሙ የተሠራው ግድግዳ በኅዳር ፈረሰ፣ ሮቶዎቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ቅሬታም አለኝ። ሪፖርቱን በአምስት ቀን አደርሳለሁ ብሎ በ11ኛው ቀን ነው ያመጣው፤ በእነዚያ ቀናት ግንበኞቹ ሁለት መደዳ ብሎኬት ጨምረዋል። ሙሉ በሙሉ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት አባባ እያንዳንዱን ገጽ ለልጃቸው እያስነበቡ ነው የተረዱት፤ ለጠበቃውም እንደገና ማስተርጎም ነበረብን። ብር የሚከፍለው ነዋሪው ነው፣ ነዋሪው ሊያነበው ይገባል።

የቤዝመንቱ ክርክር ገና አላለቀም። ለእሱም ያንኑ መሐንዲስ ቀጥረናል፤ አሁን ግን የማስረከቢያውን ቀንና የአማርኛ ማጠቃለያውን ውሉ ውስጥ አስገብተናል። ጄሶዬ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።