ጣሪያ ላይ ወጥታ ችግራችንን ላወረደችልን ባለሙያ

ኢንተርኔታችንን ላስተካከለችልን ባለሙያ ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ከአራት ወር በፊት ነው። ያኔ ዝም ያልኩት ውለታ ረስቼ አይደለም። «ሥራው መጀመሪያ መንገድ ላይ ይፈተን» ብዬ ነው። ተፈተነ። እነሆ ምስጋናዬ።

እኔና ባለቤቴ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የምንኖረው አርቪ፣ ማለትም ውስጡ መኖሪያ ቤት የሆነ መኪና ውስጥ ነው። መኝታችንም፣ ማድቤታችንም፣ ቢሯችንም ጎማ ላይ ነው። ቢሮ ስል እየቀለድኩ አይደለም። እኔ በርቀት የሂሳብ መዝገብ እሠራለሁ። እሷ በቪዲዮ ቋንቋ ታስተምራለች። ኢንተርኔት ለእኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

እሱ ደግሞ በየቀኑ ይቆራረጥብን ነበር። ባለቤቴ ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ ምስሏ ይደርቃል። አንድ ተማሪዋ «ቲቸር፣ ዛሬም አፍዎን ከፍተው ቀሩ» ብሎ የስክሪን ፎቶ ልኮላት ነበር። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተማሪ እየሳቀ ነው ሌላ አስተማሪ የሚፈልገው።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አንድ ሱቅ ሄድን፤ ስሙን ልተወው። ሻጩ ችግራችንን ተናግረን እስክንጨርስ እንኳ አልጠበቀም። ቡስተር የሚባል ሲግናል ማጉያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልን። ገዛን። ስልኬ ላይ ያሉት የኔትወርክ ጭረቶች ከሁለት ወደ አራት ዘለሉ። ደስ አለን። ፍጥነቱ ግን ያው ነው፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ይብሳል። ከዚያ ከሌላ ድርጅት ሁለተኛ ሲም ገዛን። እሱም የመጀመሪያው ሲጠፋ አብሮት ይጠፋል፤ መንታ ወንድሙ ይመስል። የምናርፍባቸው ካምፖች ዋይፋይ ደግሞ አንድ መስመር ለመቶ ሰው ስለሆነ፣ ማታ ማታ መልእክት እንኳ አይልክም።

ባለሙያዋን የጠቆመን ጎረቤታችን ነው። ማለትም የዚያ ሳምንት ጎረቤታችን፤ እኛ ሠፈር ጎረቤት በየሳምንቱ ይቀየራል። «አንዲት ልጅ አለች፣ የቆማችሁበት ድረስ ትመጣለች» አለን።

መጣች። ከተባባልነው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይታ። ይህን የምጽፈው ምስጋናዬ የማስታወቂያ እንዳይመስል ነው። ገና ሳያት «ዋናው ባለሙያ ከኋላ እየመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። እሷ ሳቅ ብላ «ዋናዋም ረዳቷም እኔው ነኝ፣ ጋሼ» አለችኝ።

መሰላል አላወጣችም። ቁጭ አለችና ትጠይቀን ጀመር። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሠሩት? ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ጥሪ ላይ ትሆናላችሁ? ዛፍ ሥር ነው መቆም የምትወዱት ወይስ ሜዳ ላይ? የሚቀጥለው መንገዳችሁ ወዴት ነው? ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። ትዕግሥቴ አለቀና «በቃ ፈጣን ኢንተርኔት ነው የምንፈልገው» አልኳት።

«አይደለም ጋሼ» አለች። «እናንተ የምትፈልጉት የማይቋረጥ ኢንተርኔት ነው።»

ከዚያ አስረዳችን። ፊልም ሲታይ ስልኩ ቀደም ብሎ ጥቂት ደቂቃ ጭኖ ያስቀምጣል፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ አይታወቅም። የቪዲዮ ጥሪ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። ሁለት ሰከንድ ከጠፋ ጠፋ። በዚያ ላይ ፊልም መቀበል ብቻ ነው፤ ጥሪ ግን መላክም አለበት። ጥራት ላለው የቪዲዮ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል። እኔ ስንት ወር ሙሉ የምለካው የመቀበያውን ፍጥነት ብቻ ነበር። የመላኪያውን አይቼውም አላውቅ። እሷ ስትለካው ግማሽ ሜጋ ቢት እንኳ አልሞላም።

ቀጥሎ የስልኬን ጭረቶች «ሥዕል ናቸው» አለቻቸው። እያንዳንዱ ስልክ ሠሪ በራሱ መንገድ ነው የሚስላቸው፤ አንዱ ጋ አራት የሆነው ሌላው ጋ ሁለት ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ቁጥር ስልኩ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚገኘው። ዲቢኤም በሚባል የሲግናል ኃይል መለኪያ የሚለካ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ነው። -80 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። -100 ላይ ይሠራል። -115 ካለፈ እየተሰናበተ ነው። ስልኬን ይዛ ውጭ ወጣች፤ -97። ተመልሳ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች፤ -112።

«የኔትወርኩ ማማ ምንም አላደረገም፤ ቤታችሁ ነው» አለች። ግድግዳችን አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያም የሚያብረቀርቅ ብረት የለበሰ ነው። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠን ነው ኔትወርክ የምንለምነው። 15 ነጥብ (15 ዴሲቤል) ልዩነት ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ መለኪያ 10 ሲቀንስ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይቀንሳል። 15 ማለት ሠላሳ እጥፍ ገደማ ነው።

ከዚያ ወደ ቡስተሩ ዞረች። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ሆዴ ፈራ፤ ምክንያቱም ርካሽ አልነበረም። መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። ዘጠኝ ሜትር ቀጭን ገመድ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጎልቷል። ጣሪያው ከቁም ሣጥኑ ሁለት ሜትር አይርቅም። ፊቷ ተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ቀጭን ገመድ በ2 ጊጋ ሄርዝ አካባቢ በየሜትሩ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ይበላል። በዘጠኝ ሜትር ሲሰላ፣ አንቴናው ከያዘው ሲግናል ሁለት ሦስተኛው መሣሪያው ጋ ሳይደርስ ገመዱ ውስጥ ይቀራል። «ጣሪያ ላይ የሰበሰባችሁትን ቁም ሣጥን ውስጥ እየደፋችሁት ነው» አለች።

ሌላም ነበር። የውጭውና የውስጡ አንቴና ተቀራርበዋል። ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲሆን እንደሚጮኸው፣ ቡስተሩም የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ጉልበቱን ራሱ ይቀንስ ነበር። ከሁሉም የገረመኝ ግን ይህ ነው። የዛሬ ኔትወርክ በአንድ ጊዜ በሁለት ወይም በአራት አንቴና መረጃ ይልካል። የእኛ ቡስተር የሚሰማው በአንዱ ብቻ ነው። ሲግናሉን ሲያጎላ ሁካታውንም አብሮ ያጎላዋል። ለዚህ ነው ጭረቱ ጨምሮ ፍጥነቱ ያልጨመረው።

ቡስተር የማይረባ ዕቃ ነው አላለችም። ማማው በጣም ሩቅ በሆነበት፣ ተራ የስልክ ጥሪ ለማግኘት ይጠቅማል አለች። ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚከለክሉ አገሮች ስላሉ ድንበር ስትሻገሩ አጣሩ ብላም አስጠነቀቀችን። ለእኛ ሥራ ግን አልነበረም።

የመንታዎቹ ሲሞች ምሥጢርም ተፈታ። ሁለተኛው ድርጅት የራሱ ማማ የለውም፤ ከመጀመሪያው ተከራይቶ ነው የሚሸጠው። ስሙ ሁለት፣ ማማው አንድ። በሌሎች ማማዎች የሚሠራ ሲም እንድንይዝ ነገረችን። «ርካሹን ሳይሆን የተለየውን ፈልጉ» ነው ያለችው። ፓኬጁን ስንገዛም ትንንሹን ጽሑፍ እንድናነብ አደራ አለችን። ስልኩ ላይ «ያልተገደበ» የተባለ ዳታ ለሌላ መሣሪያ ሲካፈል ገደብ ሊኖረው ይችላል። ማማው ሲጨናነቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘገዩ ፓኬጆች አሉ።

የሠራችው ሥራ ራሱ የግማሽ ቀን ነው። ሁለት ሲም የሚቀበል ራውተር፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ ውስጡ አራት አንቴና የያዘ ጠፍጣፋ አንቴና። ራውተሩን ከአንቴናው ልክ ሥር ወዳለው ቁም ሣጥን አዛወረችው። ገመዱ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ጣሪያ መብሳት እኔን ያስፈራኛል። አርቪ ያለው ሰው ይገባዋል፤ ከሌባ በላይ የምንፈራው ውኃ ነው። አዲስ ቀዳዳ አልበሳችም። በአሮጌው የቡስተር ገመድ ቀዳዳ ተጠቀመች፤ ክዳን አድርጋ ዙሪያውን ደፈነችው። ገመዱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ እንዲል አደረገችው፤ ውኃው ገመዱን ይዞ እንዳይገባ እዚያው ይንጠባጠባል። በነጋታው ሳንጠራት ተመልሳ መጣች። በጎማ ቱቦ ጣሪያው ላይ ውኃ ስታፈስ ባለቤቴ ውስጥ ፎጣ ይዛ ቆማ ጠበቀች። ፎጣው ደረቅ ነበር።

ኤሌክትሪኩንም ነካካችው። ራውተሩ የሚበላው 10 ዋት ገደማ ነው። እኛ ግን ለእሱ ብለን ሌሊቱን ሙሉ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን መሣሪያ) ክፍት እንተው ነበር፤ ኢንቨርተር ደግሞ ሥራ ባይኖረውም ባትሪ ይበላል። በቀጥታ ከ12 ቮልቱ አገናኘችው። ራውተሩን ስትመርጥ ሰፋ ያለ ቮልት የሚችል እንዲሆን ያደረገችው፣ ባትሪው ቻርጅ ላይ ሲሆን ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ ነው። ጠዋት ባትሪያችንን ሳይ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አየሁ።

ሳተላይትስ? እሱንም ጠየቅኳት። የሳተላይት ኢንተርኔት የሚሰጠው ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአርቪ ተጓዦች የሚሆን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በየካምፑ ሳህን አያለሁ፤ አምሮኝም ነበር። ሸጣልኝ ብትሆን ያለ ክርክር እገዛት ነበር። አልሸጠችልኝም። ጥሩነቱን ግን አልደበቀችም። የድሮዎቹ የኢንተርኔት ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ምልልሱ ከግማሽ ሰከንድ ይበልጣል፤ ሰው ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሲጠብቅ ይሰለቸዋል። የስታርሊንኮቹ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆኑ መዘግየቱ ለጥሪ አያስቸግርም። ነገር ግን ክፍት ሰማይ ይፈልጋሉ። እንደ ሳህኑ ዓይነት ከ25 እስከ 100 ዋት ይበላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ጥላ ካላገኘች መኪና አታስቆምም። «እትዬ ዛፍ መውደዳቸውን ከተዉ ያን ጊዜ ይደውሉልኝ» ብላ ዘጋችው።

ከመሄዷ በፊት አንድ ልማድ አስያዘችን። አንድ ቦታ ስንደርስ ጎማ ሳንቆልፍ፣ ደረጃ ሳንዘረጋ ቁጥሩን እናያለን። ካልጣመን ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ፈቀቅ እንላለን። አንዳንዴ ከአንድ ጉብታ ጀርባ መውጣት ብቻ 10 ዴሲቤል ይመልሳል። ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ከሞተ ማማው ተጨናንቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ባንድ፣ ማለትም ሌላ የሞገድ ክልል እንሞክራለን። ከ600 እስከ 900 ሜጋ ሄርዝ ያሉት ሩቅ ይሄዳሉ፤ ግን ሁሉም ሰው የሚሻማባቸው እነሱ ናቸው። 2.5 እና 3.5 ጊጋ ሄርዝ ብዙ ይሸከማሉ፤ ቶሎ ግን ይደክማሉ። ወደማናውቀው ቦታ ስንሄድ የድርጅቶቹን የሽፋን ካርታ ብቻ አናምንም። እንደ ሴልማፐር ያሉ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የለኩትን የሚያሳዩ ካርታዎችንም እናያለን። የመንገዱንም ካርታ ኔትወርክ ሳለ ስልካችን ላይ እናወርዳለን።

አራት ወር ሆነን። ባለቤቴ አፏን ከፍታ አልቀረችም። አንደኛው ሲም ሲደክም ራውተሩ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። በዚያ መሐል ጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፣ ጥሪው ተቋርጦ ይመለሳል። ይህ እንደሚሆን አስቀድማ ነግራን ስለነበር አልተናደድንም።

አንዴ ብቻ ጭራሽ ጠፍቶብናል። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገባን፤ በሁለቱም ሲም ባዶ። ግማሽ ሰዓት በእግሬ ወጥቼ ኔትወርክ ሳገኝ ረጅም መልእክት ጻፍኩላት። ቁጥሮቹን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ፎቶ አያይዤ። ከሁለት ቀን በኋላ መለሰች። (መልእክት ቶሎ በመመለስ እንኳ አትታማም፤ ጣሪያ ላይ ስለምትውል ነው ብለን ታግሰናል።) መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ «ጋሼ፣ ከዚያ ሸለቆ ይውጡ።»

አንቺ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ባለቤቴ ፎጣውን እስካሁን እንዳስቀመጠችው እወቂ። ሁለታችንም እናመሰግንሻለን።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስላልፈለገች ነው። ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከመጣባት አትችለውም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት በስንት ሰዓት ምን እንደምትሠሩ፣ የትኞቹን ሲሞች እንደያዛችሁ፣ ውጭና ውስጥ ያለው ቁጥር ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ ገመድ ካላችሁ ደግሞ እሷ ሳትደርስ አውጡት። እኔን ስለ እሱ እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች።