አጀንዳ፣ ስኩዌር ደብተር ወይስ የግድግዳ ካሌንደር?

አራት ኪሎ ካምፓስ ዙሪያና ሜክሲኮ ኮሜርስ አካባቢ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በመስከረም ዋዜማ በአጀንዳ ይሞላሉ። ዕለታዊ ልማድ መያዝ ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው ግን ብዙ ጊዜ ባንክ በነፃ የሚያድለው የግድግዳ ካሌንደር ነው።

ከውጭ የሚመጣው አጀንዳ ያምራል፤ ለስጦታ ይሆናል። የተሠራው ግን ለፈረንጅ ዓመት ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት የጀመረው ሰው ከ365ቱ ቀን 253ቱ አልፈውበታል፤ የሚቀረው 112 ገጽ ነው። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ የጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ «8» ላይ መጻፍ አለበት፣ ቸኩሎ «2» ላይ ያሰፈረው ከምሳ በኋላ ያገኘዋል። ከሁሉ የከፋው የፊተኛው ገጽ ነው፦ «የዓመቱ ግቦቼ»። እዚያ ላይ «12 መጽሐፍ ማንበብ» ይጻፋል፤ ዛሬ ማታ ስንት ገጽ፣ የት ተቀምጦ የሚለው የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሦስት ቀን ባዶውን ካለፈ ደግሞ መክፈቱ ራሱ ያሳፍራል።

ስኩዌር ደብተር ለቁጥር ሰው ጥሩ ነው። ካሬው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደብተሩን ወደ ጎን አዙሩት፤ ለወሩ ቀኖች 30 ካሬ 15 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፣ የተረፈው ለልማዱ ስም ይበቃል። ችግሩ አንድ ነው፤ ይዘጋል። የተዘጋ ደብተር ይረሳል።

ካሌንደሩ አይዘጋም። የኛ ወር 30 ቀን መሆኑም ሒሳቡን ያቀለዋል። በቀን 2 ገጽ ያነበበ ሰው በወር 60፣ ከነጳጉሜን በዓመት 730 ገጽ ያነባል፤ ይህን ለማወቅ የግብ ገጽ አያስፈልግም። እቁብ የሚጥል ሰው ነገሩን ድሮም ያውቀዋል፦ ዕጣው መቼም ይውጣ፣ ቀኑ ሲደርስ ይጥላል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ከሁለት ልማድ በላይ አትጀምሩ፤ ሦስተኛው ሌሎቹንም ይዟቸው ይወድቃል። ልማዱን ከሰዓት ጋር አታያይዙት። «ማታ 1 ሰዓት አነባለሁ» ያለ ሰው 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይገኛል። «ራት ከተነሣ በኋላ» ቢል ግን ራቱ መቼም ይነሣል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ንባቡን ከጠዋቱ ሻይ ጋር ማያያዝ ይሻላል። ሙሉውን ስትሠሩ ኤክስ፣ ትንሹን ብቻ (አንድ ገጽ፣ አምስት ደቂቃ) ስትሠሩ ሰረዝ አድርጉ። አንድ ቀን ቢያመልጥ ባዶውን ተዉት፤ በማግሥቱ ግን ሰረዝም ብትሆን ትግባ።

«በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚባለውን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት ያገኘው ከ18 እስከ 254 ቀን ነው፤ መካከለኛው 66። አንድ ቀን መዝለልም ብዙ እንዳልጎዳ ያው ጥናት አሳይቷል። መስከረም 1 ቢጀመር 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል፤ እዚያ ላይ ቀድማችሁ ክብ አድርጉበት። 12ን፣ 21ን፣ 27ን የምታከብሩ ከሆነ ጠዋታችሁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእነዚያን ቀኖች ልማድ ከወዲሁ ወደ ማታ አዙሩት። ጳጉሜን ግን አዲስ ነገር አይጀመርባትም፤ የዓመቱን ባዶ ካሬዎች ቆጥሮ የትኛው ልማድ እንደሚቀጥል መወሰኛ ትሁን።

ጉድለት አለው። የድርጅቱ ፎቶ ግማሹን ወረቀት የሚበላባቸው አሉ። የበዓላት ስም ካሬውን ስለሚሞላውም ኤክሱ አይታይም፤ ካሬው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሌለውን አትውሰዱ። ሳሎን ውስጥም አትስቀሉት፤ እንግዳ ይጠይቃል፣ ማብራራቱ ይሰለቻል። ከመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ቢሆን በየማታው እጃችሁ እዚያው ይደርሳል። እስክሪብቶውን በክር ጎኑ ላይ እሰሩት። ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ከሱቁ ሳትወጡ ጥጉ ላይ ጭረት ሞክሩ፤ የሚያብለጨልጨው ወረቀት እስክሪብቶ አይቀበልም፣ ጄል ቀለምም በጣት ሲነካ ይጨማለቃል።